ሁለት መስመር ሲደመር ስንት ነው? የአንድ ቤት የኢንተርኔት ጉዳይ

ታናሽ ወንድሜ የደወለልኝ ረፋድ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ሁለቱንም ሰክቻለሁ፤ ግን ያው ነው» አለኝ። ምኑ ነው ያው? ፎቶ ላከልኝ። ላፕቶፑ ላይ የኔትወርክ ገመድ ተሰክቷል። ዋይፋዩ ደግሞ ከሌላኛው ሳጥን ጋር ተገናኝቷል። ስክሪኑ መሃል የ30 ጊጋባይት ፋይል እየወረደ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 2.8 ሜጋባይት። የቀረው ጊዜ ሁለት ሰዓት ከምናምን።

«እስቲ ገመዱን ንቀለው» አልኩት። ነቀለው። ዳውንሎዱ ተቋረጠ። እንደገና ሲያስጀምረው 4 ሜጋባይት ገደማ መጣ። ገመዱን መልሶ ሰክቶ ሌላ ፋይል አስጀመረ። 2.8። ሁለት መስመር አለው፤ የሚሠራለት ግን ሁልጊዜ አንዱ ነው። ያውም ቀርፋፋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል በትርፍ ሰዓታችን ስንነካካው ከረምን። የሞከርነውን፣ የተሸወድንበትንና በመጨረሻ ያቆየነውን እንደሆነው ልጻፈው።

ቤቱ ውስጥ የነበረው

ወንድሜ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል። ደንበኞቹ ጥሬውን ቀረጻ በክላውድ ይልኩለታል፤ እሱ አውርዶ፣ ቆርጦ ቀጥሎ ይመልስላቸዋል። አንድ ሥራ 20፣ 30፣ አንዳንዴም 60 ጊጋባይት ነው። የመጀመሪያው መስመሩ በስልክ ገመድ የሚመጣ ዲኤስኤል ነው፤ በሰከንድ 24 ሜጋቢት። ሁለተኛው የ4ጂ ራውተር ነው። ዲኤስኤሉ እየተቆራረጠ ሲያስመርረው ነው የጨመረው። 4ጂው ቀን ላይ 34 ሜጋቢት ይደርሳል። ማታ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ሲገባ 10 ላይ ይወርዳል።

በነገራችን ላይ፣ «24 ተብዬ 2.8 ብቻ ነው የሚሰጡኝ» የሚለው ቅሬታው ቅሬታ አልነበረም። መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ዳውንሎድ የሚያሳየው በሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 24 ለ8 ሲካፈል 3። ዳታ ተቆርጦ የሚላክባቸው ጥቅሎች፣ ፓኬቶቹ፣ ለአድራሻና ለመቆጣጠሪያ የሚይዙት ቦታ ሲቀነስ 2.8 ጥሩ ቁጥር ነው።

ሁለቱን ሰክቶ አንዱ ብቻ የሠራበት ምክንያትም ቀላል ነው። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መውጫ ሜትሪክ የሚባል ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ያሸንፋል፤ ሌላው ተጠባባቂ ነው። ቁጥሩን የሚተምነው ደግሞ ላፕቶፑና ራውተሩ መካከል ባለው ፍጥነት ነው። ገመዱ 1 ጊጋቢት ስለሆነ ከዋይፋዩ በለጠ። ከራውተሩ ወዲያ ያለው 24 ይሁን 240 ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ነገር የለም።

ውሃ ስም የለውም

ወንድሜ በጭንቅላቱ የያዘው ሥዕል ሁለት ቧንቧ አንድ በርሜል ሲሞሉ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚሁ ነው። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማስበው። ችግሩ ውሃ ስም የለውም። ፓኬት ግን አለው።

እያንዳንዱ ፓኬት ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ተጽፎበታል፤ የላኪው አይፒ አድራሻና ፖርት (የበር ቁጥር እንደማለት)፣ የተቀባዩ አይፒ አድራሻና ፖርት። አንድ ግንኙነት ማለት እነዚህ አራት ቁጥሮች ናቸው። ዲኤስኤሉ ወደ ውጭ የሚታይበት አድራሻ አንድ ነው፤ የ4ጂው ሌላ ነው። ሰርቨሩ ፋይሉን ለመላክ ከመጀመሪያው አድራሻ ጋር ተነጋግሮ ጀምሯል። መሃል ላይ ከሁለተኛው አድራሻ «የኔንም ድርሻ ላክልኝ» የሚል ፓኬት ቢደርሰው አያውቀውም። አላውቅህም ብሎ ይዘጋበታል፤ ወይ ዝም ይለዋል።

ስለዚህ አንድ ግንኙነት ከተጀመረበት መስመር አይወጣም። ሁለት መስመር የሚጠቅመው ሥራው ከመነሻው በብዙ ግንኙነት ሲከፋፈል ነው። ቶረንት ከብዙ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚያወርድ ሁለቱንም መስመር በደስታ ይሞላል። ቤት ውስጥ አምስት ሰው የየራሱን ቪዲዮ ቢያይም እንደዚያው። አንድ ሰው አንድ ትልቅ ፋይል ከአንድ ሊንክ በብሮውዘር ሲያወርድ ግን ግንኙነቱ አንድ ነው። የወንድሜ ሥራ ደግሞ ከላይ ሲታይ ልክ እንደዚህ ነበር።

መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ራውተር ላይ ግንኙነቶችን ለሁለቱ መስመር ማከፋፈል ነው፤ ሎድ ባላንሲንግ የሚሉት። ሁለተኛው እውነተኛ ማጣመር ነው፤ ቦንዲንግ። ይሄ ከቤት ውጭ የተበተኑትን ፓኬቶች ሰብስቦ የሚገጥም ሰርቨር ይፈልጋል። ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የማውረጃ ፕሮግራም ራሱ ሁለቱንም የኔትወርክ ካርድ እንዲጠቀም ማድረግ ነው። ለምሳሌ አሪያ2 የሚባለው ማውረጃ ለዚህ የሚሆን ቅንብር አለው። እኛ ከመጀመሪያው ጀመርን፤ ሌሎቹ የቤቱ ሰዎችም መስመር ሲቆረጥ ወደ ሌላው እንዲሻገሩ ስለፈለግን።

ሦስት ሳጥን፣ አንድ ስም

እኔ ጋ ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የሚባል የራውተር ሶፍትዌር የተጫነበት አሮጌ ራውተር ነበር። ኤምዋን3 የሚባለውን ፓኬጅ ጫንንበት፤ ሥራው ከአንድ በላይ ኢንተርኔት ማስተዳደር ነው። ከውስጥ መሰኪያዎቹ አንዱን ለሁለተኛው ኢንተርኔት መደብነው። ማይክሮቲክ ወይም ፒኤፍሴንስ የሚባሉት ራውተሮች ያሉት ሰውም ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ባለሁለት ዋን፣ ማለትም ባለሁለት የኢንተርኔት መግቢያ፣ ተብለው የሚሸጡ ራውተሮችም አሉ።

ሁለቱን ሞደም ሰካናቸው። ምንም የለም። አንዱን ብንነቅልም ሌላውን ብንነቅልም ያው ነው። ግማሽ ሰዓት ገመድ ስንቀያይር ቆየን። በኋላ ወንድሜ የዲኤስኤሉን ሞደም ገልብጦ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ፤ 192.168.1.1። የ4ጂውን ገለበጠ፤ 192.168.1.1። የኔ ራውተርም ከነመነሻው 192.168.1.1 ነው። ሦስት ሳጥን፣ አንድ ስም። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አበበ ተቀምጦ «አበበ!» ብሎ እንደመጣራት ነው።

ዲኤስኤሉን ባለበት ተውነው። 4ጂውን 192.168.2.1፣ የኔን ራውተር 192.168.10.1 አደረግናቸው። ለሁለቱ መውጫዎች የተለያየ ሜትሪክ ሰጠን፤ 10 እና 20። ኤምዋን3 ሁለቱን ለይቶ የሚያያቸው በዚያ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለቱም መብራት አረንጓዴ ሆነ።

የፍጥነት መለኪያ ከፈትን፤ 55 ሜጋቢት! ወንድሜ ጮኸ። እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ቀላል ነገር ነው» አልኩ። ያችን ቃል ባልተናገርኳት።

አንድ ሌሊት የበላች መስመር

ፋይሉን አስጀመርነው። ቀድሞ ስለግንኙነት ብዛት ነግሬው ስለነበር በብሮውዘር አልሞከረም። ፋይሉን በ8 ግንኙነት የሚያወርድ ፕሮግራም ጭኗል። ፍጥነቱ 2.8። ሰርዘን ጀመርነው፤ 2.8። ከአሥር ደቂቃ በላይ ትተነው ተመልሰን ስንሞክር 4.1። ስምንቱም ግንኙነት ወይ በአንዱ ነው የሚሄደው ወይ በሌላው፤ ተከፋፍሎ አያውቅም። መለኪያው ግን ሁልጊዜ 55 ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ሌሊት ሄደ። አቅራቢው ፍጥነት ገድቦ ይሆናል አልን። ፕሮግራሙ ነው አልን። ክላውዱ ነው አልን። ሁሉንም ጠርጥረን የራሳችንን ራውተር አልጠረጠርንም፤ መለኪያው 55 ይላላ!

መልሱ የኤምዋን3 ደንቦች ገጽ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ከመነሻው የመጣ ደንብ አለ። ወደ ፖርት 443 የሚሄድ ማንኛውም ግንኙነት፣ ማለትም የኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠሩ ድረ ገጾች) ትራፊክ በሙሉ፣ ከአንድ ኮምፒውተር እስከመጣ ድረስ መጀመሪያ በያዘው መስመር ይለጠፍ ይላል። የሚለጠፍበት ጊዜ 600 ሰከንድ ነው። አሥር ደቂቃ። ሳይነካ አሥር ደቂቃ ካለፈው እንደገና ዕጣ ይወጣለታል። 2.8 የነበረው 4.1 የሆነው በዚያ ነው። እኔ የተጠቀምኩበት የፍጥነት መለኪያ ደግሞ በፖርት 8080 ነው የሚሠራው። ደንቡ አይነካውም፤ ስለዚህ እሱ ብቻ በሁለቱም መስመር ይፈስ ነበር።

ደንቡ ስህተት አይደለም። በጣም ትክክለኛ ደንብ ነው። ብዙ የባንክ ገጾች አንዱ ጠቅታ ከአንድ አድራሻ፣ ቀጣዩ ከሌላ አድራሻ ሲመጣባቸው ሌባ ገባ ብለው ያስወጡሃል። ስለዚህ አላጠፋነውም። ከእሱ በላይ ሌላ ደንብ ጻፍን፦ የወንድሜ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር ብቻ፣ ሁለቱንም መስመር፣ ሳይለጠፍ። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበቡት። መጀመሪያ የገጠመው ይሠራል። የሌላው ሰው ስልክና ላፕቶፕ ከታች ባለው ደንብ ይቀጥላል። ባንክ የሚገባውም በስልኩ ነው።

ከዚያ 6.4 መጣ። 30 ጊጋባይቱ በአንድ ሰዓት ከ18 ደቂቃ ወረደ። ቀድሞ በዲኤስኤሉ ብቻ ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበር።

ዕጣው እና ቁራሹ

ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ በአንድ መስመር ይሻል ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ አራት ሰዓት ፈጅቶበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤምዋን3 ግንኙነቶችን የሚያከፋፍለው በዕጣ ነው። እኔ በቀኑ ፍጥነት ተመርቼ ክብደቱን ለ4ጂው 3፣ ለዲኤስኤሉ 2 ሰጥቼዋለሁ። ማታ 4ጂው በሰከንድ 1.2 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚሰጠው። ወንድሜ ደግሞ የግንኙነቱን ቁጥር ወደ 12 ከፍ አድርጎት ነበር። ፕሮግራሙ ፋይሉን መጀመሪያውኑ 12 እኩል ቦታ ይቆርጠዋል፤ እያንዳንዱ ቁራሽ 2.5 ጊጋባይት። ሰባቱ 4ጂው ላይ ወደቁ፤ 17.5 ጊጋባይት ማለት ነው። ያንን በ1.2 አካፍሉት። አራት ሰዓት ይመጣል። ዲኤስኤሉ የራሱን አምስት ቁራሽ በአንድ ሰዓት ከሩብ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ክብደቱን በሰዓት የሚቀያይር ነገር ልጽፍ ተነስቼ ነበር። ደግነቱ ሰነፍ ነኝ። ትንሽ ሳስበው ጥፋቱ ክብደቱ ላይ አልነበረም። አንድ መስመር ሁለት ሦስት ግንኙነት ካገኘ ይሞላል፤ ሰባትም ቢሰጡት ያው ነው። ጥፋቱ አቆራረጡ ላይ ነበር። የጨረሰው ግንኙነት የዘገየውን ቀሪ ተካፍሎ የሚወስድ ሌላ ፕሮግራም ጫንን። ማታ 4.0 አካባቢ ሰጠን፤ የሁለቱ መስመር ድምር። ክብደቱን አልነካሁትም።

የግንኙነቱ ቁጥር ግን ለውጥ አለው። በ4 ግንኙነት ብቻ ብትሞክሩ አራቱም በአንድ መስመር ላይ የሚወድቁበት ዕድል በኛ ክብደት ከመቶ 15 ያህል ነው። በ12 ከሺህ 2 አካባቢ ይሆናል። ከዚያ በላይ ማብዛት ትርፉ ትንሽ ነው። አንዳንድ ሰርቨርም ከአንድ አድራሻ ብዙ ግንኙነት ሲያይ ይዘጋል።

ቦንዲንግስ?

ሞክረነዋል። አንድ ፋይል፣ አንድ ግንኙነት፣ ሁለት መስመር የሚለው ሕልም በእርግጥ ይቻላል። ቤት ያለው ራውተር ፓኬቶቹን በሁለቱ መስመር ይበትናል። ሌላ ቦታ የተከራየኸው ሰርቨር ይሰበስባቸዋል፤ ለዓለም በራሱ አንድ አድራሻ ይናገርልሃል። መልሱም በዚያው ይመጣል። ከጀርባው አንዳንዴ ያለው መልቲፓዝ ቲሲፒ ነው፤ አንድን ግንኙነት በብዙ መንገድ የሚያስኬድ ዘዴ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ከአይኦኤስ 7 ጋር በድምፅ ለሚታዘዘው ሲሪ ተጠቅሞበታል። ሊኑክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ከከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 5.6 ጋር ገብቷል።

ቀን ላይ በአንድ ግንኙነት 4.9 ሜጋባይት አየን። ያስገርማል። በብሮውዘር፣ ያለ ምንም ፕሮግራም! ማታ ግን 2.1። ከዲኤስኤሉ ብቻውን ያነሰ። ዲኤስኤሉ መልስ የሚመልሰው በ20 ሚሊሰከንድ ነው። 4ጂው በ60፤ ማታ ሲጨናነቅ ከ100 በላይ ይሄዳል። በፍጥነት የደረሱት ፓኬቶች የዘገየውን ወንድማቸውን በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። መጠበቂያው ቦታ ሲሞላ ፈጣኑም መስመር ይቆማል። ሁለቱ መስመር እኩያ ቢሆኑ ታሪኩ ሌላ ነበር።

ሌላም ጣጣ አለው። ዳውንሎዱ ሁሉ በሰርቨሩ ስለሚያልፍ የሰርቨሩ ኮታ ያንተም ኮታ ነው። ድረ ገጾችም የኪራይ ሰርቨር አድራሻ ሲያዩ «ሮቦት አለመሆንህን አሳይ» እያሉ ሥዕል ያስመርጡሃል። ወንድሜ በአራተኛው ቀን የትራፊክ መብራት መምረጥ ሰለቸውና አጠፋው።

የቀሩት ጥቃቅን

አልፎ አልፎ ገጽ አልተገኘም ይል ነበር፤ ሲደግሙት ይከፍታል። ዲኤንኤስ ነው፤ የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው። ራውተሩ የዲኤስኤሉን አቅራቢ ዲኤንኤስ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ግን አንዳንዴ በ4ጂው በኩል ይወጣል። ያ ሰርቨር ደግሞ ከራሱ ደንበኛ ውጭ አይመልስም። ለማንም የሚመልሱትን 1.1.1.1 እና 8.8.8.8 አስገባን፤ ቆመ።

የ4ጂው ኮታ ሁለተኛው ነው። ከ30 ጊጋባይቱ ቀን ላይ 18 ያህሉ በእሱ በኩል ይሄዳል። ስለዚህ የቤቱ ሌላ ዕቃ ሁሉ ዲኤስኤሉ ላይ ታስሯል። ያ ሲቆረጥ ብቻ ወደ 4ጂው ይሻገራል።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ራውተሩን ጭራሽ የማይመለከት ነበር። አንዳንድ ሥራ በፍጹም አይከፋፈልም፤ 12 ግንኙነት ብንልም አንድ ብቻ ይከፍታል። ፋይልን በቁራሽ ለማውረድ ሰርቨሩ «ከዚህ እስከዚህ ድረስ ብቻ ስጠኝ» የሚለውን ጥያቄ መቀበል አለበት፤ ከተቀበለ 206 በሚል ኮድ ይመልሳል፤ «ቁራሹን ይኸው» ማለት ነው። እነዚያ ሥራዎች 200፣ «ሙሉውን ይኸው»፣ ብቻ ነበር የሚመልሱት። ወንድሜ ሊንኮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው። እምቢ የሚሉት በሙሉ ደንበኛው ፎልደር ያጋራባቸው ናቸው። ፎልደር ሲወርድ ክላውዱ እዚያው በዚያው ዚፕ እያደረገ ይልከዋል። ገና እየተሠራ ያለ ፋይል ርዝመቱም አይታወቅም፤ መሃሉም የለም። ከመሃል ቁረጥልኝ ቢሉት ከየት ያመጣዋል? መስመር ሲቋረጥም ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ወንድሜ ለደንበኞቹ አጭር መልእክት ላከ፦ እባካችሁ ፎልደሩን ሳይሆን ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ አጋሩኝ። አብዛኞቹ እሺ አሉ። አንድ ሥራ ውስጥ 40 ቪዲዮ ካለ ደግሞ ሥራው በራሱ ለ40 ተከፍሏል። ያን ጊዜ በማውረጃ ፕሮግራሙ ሦስት አራቱን አንድ ላይ ማስጀመር ነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ መስመር ብንጨምርስ? ይሄኛው ሥራ 2.8 ላይ ቆሞብኛል።»

«ሊንኩን ክፈተው እስቲ። ምንድን ነው የላኩልህ?»

ትንሽ ዝም አለ። ማውስ ሲጫን ይሰማኛል።

«ዚፕ ነው» አለ።